ከዘጠነኛው ገጽ በኋላ

የመቶ አለቃ ጉሉማ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲጠራ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ነሐሴ፣ ዓመቱ 1962 ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነቀምቴ ቀይ ጭቃ ጫማውን ከእግሩ ሊነጥቀው እየታገለ ዳገቱን ወጣ። በሩ ላይ ዘበኛው ኦቦ ዋቅወያ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«አካም ኦልታን፣ ኦቦ ዋቅወያ። ማን ነው?»

«ነመራ ነው፣ ልጄ። ያ ዝምተኛው የጉቴ መምህር። ክፍሉን ልቆልፍ በሩ ላይ ስደርስ... ዋቃ ኮ! አልገባሁም፤ አልነካሁትም። እንዳለ ነው።»

ያን ክረምት ዩኒቨርሲቲው አንድ መምህር ልኮ ለአካባቢው አስተማሪዎች የድርሰት አጻጻፍ ትምህርት ሲሰጥ ከርሟል። ሲጀመር አሥራ አንድ ነበሩ። ጭቃው፣ ወባውና የእርሻ ሥራው አንድ በአንድ አባሯቸው አራት ቀሩ። ከአራቱ አንዱ አሁን ከክፍሉ ጣሪያ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል።

ጉሉማ በሩ ላይ ቆሞ ገና ሳይገባ ወለሉን አየ። ሲሚንቶው ላይ የደረቀ ቀይ የጫማ ዱካ ከበሩ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ጠረጴዛ ድረስ ይሄዳል። ከጠረጴዛው በኋላ ዱካ የለም። ሬሳው ያለው ደግሞ ከጠረጴዛው አምስት እርምጃ ርቆ ነው። ከእግሩ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ተገልብጧል። የሟቹ ጫማ ጭቃ ለብሷል፤ የወንበሩ መቀመጫ ግን ትናንት የተወለወለ ይመስላል።

ሬሳውን በሁለት ፖሊሶች አስወርዶ አንገቱን ተመለከተ። የገመዱ ሰንበር ከአገጩ ሥር ተነሥቶ ወደ ጆሮው ሽቅብ ወጥቷል። ከእሱ በታች ሌላ ሰንበር አለ፤ ቀጭን፣ አንገቱን ዙሪያውን በእኩል የከበበ።

ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተቀምጧል። ጉሉማ ለራሱ አነበበው።

«ወዳጆቼ ሆይ፣ ከእንግዲህ መቆየት አልችልም። ያየሁትን አይቼ ዝም ማለቴ ኃጢአት ነው፤ ኃጢአቱም እንደ ቀንበር ከአንገቴ አልወርድ አለ። ሥራዬን ለሌላ ስጡት። በዚህ ዓለም ለእኔ የተረፈኝ መሄድ ብቻ ነው። ይቅር በሉኝ። ነመራ።»

ጽሕፈቱ የነመራ መሆኑን ከቦርሳው ካገኘው ደብተር ጋር አስተያየ፤ ጥርጥር የለውም። የደብተሩ ቅጠል ሃያ አራት መስመር ሲኖረው ይህ ወረቀት ሃያ ብቻ አለው። ራስጌው በምላጭ ተቆርጧል፤ ማስመሪያ ተይዞ፣ በጥንቃቄ።

አለቃው ሻለቃ ግን በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን አንብቦ መልሶ ወረወረለት።

«ራሱን ገድሏል፤ በእጁም ጽፏል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ለድርሰት ተማሪዎቹ ምርቃት ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል፤ መዝገቡ ከዚያ በፊት ይዘጋ።»

«ጌታዬ፣ እስከ ነገ ጠዋት ይስጡኝ።»

«እስከ ሦስት ሰዓት። ሪፖርቱን ደግሞ እባክህ ‹ሠራዊት›ን በእሳቱ ሰ ጽፈህ አታምጣብኝ።»

ጉሉማ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። አማርኛን የተማረው አድጎ፣ በፖሊስ ማሠልጠኛ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሻለቃው ሪፖርቱን በቀይ እርሳስ እየቀላ ሲመልስበት ኖሯል። ከዚህ ቅጣት አንድ ነገር አትርፏል፦ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ብዙኃኑን ኀ ከሃሌታው ሀ ሳይለይ የሚያልፈው ወረቀት የለም። የሟቹን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እንደገና አየው። «ኃጢአት» የሚለው ቃል ሁለቱም ቦታ ላይ ከመጀመሪያ ፊደሉ ሥር ሌላ ፊደል አለ። ነመራ በሃሌታው ሀ ጽፎት ነበር፤ ሌላ ሰው በብዙኃኑ ደርቦበታል። «ሥራዬን» ላይም፣ «ዓለም» ላይም እንዲሁ። የነመራ ቀለም ደማቅ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም ነው። የደረበው ወደ ጥቁር ያደላል፤ የቀለም ብዕር ነው።

ሊሰቀል የተነሣ ሰው ብዕር ቀይሮ ሆሄ አያርምም።

የዩኒቨርሲቲው መምህር ወልደዮሐንስ ከግቢው ማዶ ባለችው የእንግዳ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር የጠበቀው። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያላየ ሰው ነው። በጣቶቹ መካከል እርሳስ ያሽከረክራል።

ጉሉማ ወረቀቱን ሰጠው። ሰውየው አንብቦ ሳይጨርስ ቀና አለ።

«ይሄ እኮ የቤት ሥራ ነው!»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«‹ርቆ የሚሄድ ሰው ለወዳጆቹ የሚጽፈው ደብዳቤ› ብዬ ያዘዝኳቸው ነው። ዐሥር ቀን ይሆነዋል። ራስጌው ላይ ይህ ርእስ ነበረ። ማን ቆረጠው?»

«እርስዎ አርመውት ነበር?»

«እኔ ሆሄ አላርምም። በእርሳስ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ ‹ምን ሸተተህ? ማን አየህ?› እያልኩ። ወረቀቶቹን ደባልቄ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሦስቱ ሲመለሱ አንዱ ቀረ። ማን ዘንድ እንደቀረ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ‹መልሻለሁ› አሉ። ለማን የትኛውን እንደሰጠሁ አላስታወስኩም፤ ተውኩት።»

«ነመራ ሌላ ምን ጽፎ ነበር?»

ወልደዮሐንስ እርሳሱን አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«ነገ በምርቃቱ ላይ እንግዶቹ ፊት ሊያነበው የነበረውን ታሪክ። ዘጠኝ ገጽ ነው። አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ፣ አንድ የሚፈሩት ሰው፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ። ከተማዋ ስም የላትም። ስምንት ዓመት ድርሰት ሳስተምር እንደዚያ ያለ አማርኛ አላየሁም። በሁለተኛ ቋንቋው፣ የመቶ አለቃ! ግን መጨረሻ አልነበረውም። ልጅቷ ከሰውየው ጋር ወደ ጉድጓዱ ትሄዳለች፤ እዚያ ያቆማል። ማክሰኞ ከክፍል ሲወጣ ይዤው ‹አትፍራ፤ ያየኸውን ጻፍ› አልኩት።»

«አሁን ጽሑፉ የት አለ?»

«ቦርሳው ውስጥ።»

ቦርሳው ውስጥ ግን አልነበረም። ጉሉማ ረቡዕ ዕለት ራሱ ገልብጦ አይቶታል፤ ያገኘው የክፍል ደብተር፣ ሳሙናና አንድ ወንጌል ነው።

«የሆነውን ሁሉ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ» አለው ሲነሣ። «የእኔ ሆሄ ለአለቃዬ አይጥመውም።»

ሁለተኛው ሰው ረዲ ነበር፤ ከገበያው ጥግ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ። ትምህርቱን በአራተኛ ክፍል አቋርጧል። ኮርሱ ውስጥ የገባው ወልደዮሐንስን ለምኖ ነው፤ ስለ አባቱ አንድ ታሪክ መጻፍ ይፈልግ ነበር።

«ዝናቡ ሲጀምር የት ነበርክ፣ ረዲ?»

«ሱቄ። ክፍል ስምንት ሰዓት ላይ ለቀቅን፤ ሱቅ ስደርስ ሰማይ ተቀደደ። ወላሂ ሃያ ሰው በረንዳዬ ላይ ተጠልሎ ነበር፤ የሚገዛ ግን የለ።» ሳቅ ሊል ፈልጎ ፊቱ እንቢ አለው። «ነመራ ጥሩ ሰው ነው። የእኔን ወረቀት ሲያርም አንድም ቀን አልሳቀብኝም።»

«የደብዳቤው ጊዜ የማን ደርሶህ ነበር?»

«የሴት ይመስላል። ስለ እናቷ የሚል። አነበብኩት፤ አለቀስኩ፤ መለስኩት። እኔ ምን አርማለሁ?»

ቃሉን ሲጽፍ «ሀጥያት» ብሎ ጻፈ። ጉሉማ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

መምህርት የሺአረግ ከጊዳ አያና የመጣች ናት፤ አያቷ ከጎጃም ተሻግረው እዚያ የሰፈሩ። ትምህርት ቤቱ በረንዳ ጫፍ ላይ ባለችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነጠላዋን ተከናንባ አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

«ዝናቡ ሲዘንብ እዚሁ ነበርኩ» አለች። «ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ጆሮዬ ሥር ቢጮህ አልሰማም ነበር። ሦስት ክፍል ራቅ ብሎ... እናቴ ትሙት፣ ምንም አልሰማሁም።»

«ነመራን ያየሽው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ከክፍል በፊት። ‹ጨረስኩት› አለኝ። ‹ሌሊቱን አምስት ገጽ ጨመርኩበት። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ አጥርቼ እገለብጠዋለሁ› አለኝ። ፊቱ የዳነ ሰው ፊት ነበር።»

«ያምስቱን ገጽ ነገር ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማንም። ‹እስኪ ዓርብ እንስማው› ብዬ ነው የተለየሁት።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «‹አንድ ፊርማ አለችብኝ፤ እሷን ልሰርዛት ነው› ይለኝ ነበር። ምን ፊርማ እንደሆነ አልነገረኝም። ቢላ ከተማ ያስተማረ ጊዜ የፈረማት ነገር ይመስለኛል።»

ጉሉማ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ለቢላ ፖሊስ በሬዲዮ መልእክት ላከ። ከዚያ የመጨረሻውን ሰው ሊያነጋግር ወጣ።

አቶ ባይሳ የዚሁ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ግዙፍ፣ ጨዋ፣ ክራቫት የማይለየው። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞተውበት ቤተ ክርስቲያን አሳደገችው፤ ዳዊት ደግሟል፣ ግዕዝ ያውቃል። ለደረጃ እድገት የዩኒቨርሲቲ ወረቀት ስላስፈለገው ከሥሩ ካሉ መምህራን ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ ከረመ። ቢሮው ከበረንዳው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ነመራ ከሞተበት ክፍል ቀጥሎ።

«እንዴት ዋልክ፣ የመቶ አለቃ፤ ተቀመጥ። የሚያሳዝን ነገር ነው። ቢላ አብረን ሠርተናል፤ ያኔም እንዲህ ጭር ያለ ልጅ ነበር።»

«በዝናቡ ሰዓት እዚህ ነበሩ?»

«እዚሁ ሰርተፊኬት ስፈርም። ያ ዝናብ ምን ያሰማል?»

«ታሪኩን አንብበውት ነበር? ነገ ሊያነበው የነበረውን።»

«አላየሁትም። ስለ ሞት መሆኑን መምህሩ ሲያወድሱት ሰምቻለሁ። ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ ከነመራ ጋር ቃል አልተለዋወጥንም። ሰላምታ እንኳ።»

«ይህንኑ ይጻፉልኝ።»

ባይሳ ከደረት ኪሱ የቀለም ብዕር መዘዘ፤ ክዳኑን ፈታ፤ በሚያምር እጅ ጻፈ። ጉሉማ ሳያነበው አመሰግናለሁ ብሎ ወሰደው። በረንዳው ላይ ቆሞ አነበበው። ከዚያ እንደገና አነበበው። ደስታ የሚመስል ነገር ሊሰማው ይገባ ነበር፤ የተሰማው ግን ድካም ብቻ ነው። ከዚህ በፊትም እውነትን አግኝቶ ያውቃል። አንድም ሰው ከሞት አስነሥታለት አታውቅም።

ከቢላ መልስ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጉሉማ አንብቦ ሌላ መልእክት ላከ፦ «እናቲቱን በመጀመሪያው የጭነት መኪና ስደዱልኝ።»

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። የምርቃቱ እንግዳ መንገዱ ተበላሽቶ አልመጣም። ሻለቃው ሰዓቱን እያየ ፊት ተቀመጠ። ወልደዮሐንስ፣ ረዲ፣ የሺአረግና ባይሳ የለመዱት ቦታቸው ላይ ናቸው። በሩ አጠገብ ኦቦ ዋቅወያ፣ ከኋላ ደግሞ ጋቢ የለበሱ አንዲት ባልቴት ነበሩ። የነመራ ዘመድ መስለዋቸው ሰዎቹ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው።

«ነመራ ራሱን አልሰቀለም» ብሎ ጀመረ ጉሉማ። «ከዝናቡ ውስጥ ገብቶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ዱካው እዚህ ያልቃል። ከዚህ እስከዚያ አልተራመደም። ወንበሩ ላይም አልቆመም፤ ያን ሁሉ ጭቃ የለበሰ ጫማ ጠብታ እንኳ አላሳረፈበትም። አንገቱ ላይ ሁለት ሰንበር አለ። መጀመሪያ ከኋላው በቀጭን ገመድ ታነቀ፤ ከሞተ በኋላ ተሸክመው ሰቀሉት።»

የሺአረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ደብዳቤውስ?» አለ ሻለቃው።

«የቤት ሥራ ነው፣ ጌታዬ። ርእሱ በምላጭ ተቆርጧል። ከዐሥር ቀን በፊት ለእርማት ሲዞር ከአንዳችሁ እጅ ቀርቷል። ያ ሰው ያኔ ሊገድል አላሰበም። ‹ያየሁትን አይቼ ዝም ማለቴ› የሚለውን አንብቦ ደነገጠ፤ ደብቆ ያዘው። ከመደንገጡ በፊት ግን ልማድ ይዞት አራት ፊደል አርሟል። ንጉሡ ሠ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ዓይኑ ዐ። በጥቁር የቀለም ብዕር።»

«ቃላችሁን በእጃችሁ ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው» አለ ዞር ብሎ። «ረዲ ‹ሀጥያት› ብሎ ይጽፋል፤ ደግሞም ሃያ ሰው በሱቁ አይቶታል። መምህር ወልደዮሐንስ እርሳስ እንጂ ብዕር አይነኩም፤ ከእንግዳ ቤታቸው ግቢውን አቋርጠው ቢመጡ ደግሞ ጭቃ ባመጡ ነበር። እዚህ ወለል ላይ ያለው የነመራ ዱካ ብቻ ነው። ገዳዩ የመጣው በደረቅ እግሩ ነው፤ በበረንዳው። በዝናቡ ሰዓት በረንዳው ላይ የነበሩት ሁለት ናቸው። መምህርት የሺአረግ ይህን የሚያህል ሰው አንሥታ አትሰቅልም።»

ባይሳ ክራቫቱን አስተካከለ። «ሆሄ ማወቅ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መምህር፣ የነመራ ታሪክ ስንት ገጽ ነው?»

«ዘጠኝ» አለ ወልደዮሐንስ።

«ረዲ?»

«እኔ አላውቅም።»

«መምህርት?»

«አሥራ አራት» አለች የሺአረግ ቀስ ብላ። «ማክሰኞ ሌሊት አምስት ጨመረ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።»

ጉሉማ ከኪሱ የባይሳን ወረቀት አወጣ። «‹ጽሑፉን አላየሁትም። ከማክሰኞ ጠዋት ወዲህ አላነጋገርኩትም። ነገር ግን አሥራ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ሞት የጻፈ ሰው ራሱን ቢያጠፋ አይደንቅም።› በእጅዎ ጽፈዋል፣ አቶ ባይሳ። ማክሰኞ ጠዋት ታሪኩ ዘጠኝ ገጽ ነበር። አሥራ አራቱን የሚያውቅ ከሟቹ ቦርሳ ያወጣው ሰው ነው።»

ባይሳ ወረቀቱን አተኩሮ አየው፤ የተማሪ ስሕተት እንደሚፈልግ ሰው። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«የት አደረጉት?» አለ ጉሉማ።

«አቃጠልኩት።»

«አንብበውት?»

ባይሳ መመለስ አላስፈለገውም፤ ገጹን ቆጥሮ የነበረ ሰው ነው።

«ከሦስት ዓመት በፊት» አለ ጉሉማ ለሻለቃው፣ «ቢላ ውስጥ ደራርቱ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ‹ራሷን ወርውራ ነው› የሚል ሪፖርት አለ። የፈረመው ዳይሬክተሩ ባይሳ ነው። ምስክር ሆኖ የፈረመ አንድ ወጣት መምህር አለ፤ ነመራ። መሰረዝ የፈለጋት ፊርማ ይቺ ናት።»

ሻለቃው ተነሣ። ሁለት ፖሊሶች ገብተው የባይሳን እጅ በካቴና አሰሩ። ያን ጊዜ ከኋላ ያሉት ባልቴት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ፤ የደራርቱ እናት ድርቤ ነበሩ። አማርኛ አያውቁም። የሚሉትን በኦሮምኛ ይላሉ፤ ጉሉማ ይተረጉማል።

«‹ልጄ ራሷን ገድላለች ተብሎ ቄሱ ፍትሐት ከለከሏት› ይላሉ። ‹ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ መንገድ ዳር ነው ያለችው። ከብት ይረግጣታል። ገፍተዋት ከሆነ የሚመሰክር አምጪ፣ አስገባታለሁ ብለውኛል። የሞተው መምህር ያየውን ጽፏል አሉኝ፤ እሱን አንብቡልኝ።›»

ወልደዮሐንስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆመ። «ዘጠኝ ገጽ ነው ያነበብኩት፣ እናቴ። ዘጠነኛው ላይ ልጅቷ ከሰውየው ኋላ ኋላ እየሄደች ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም።»

ድርቤ ሲተረጎምላቸው ጊዜ ወደ ባይሳ ዞሩ። ቁመታቸው እስከ ደረቱ ነው። ረጅም ነገር አልተናገሩም።

«‹አንተ አንብበኸዋል› ይላሉ» አለ ጉሉማ። ባይሳ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ቋንቋው ነው፤ ትርጉሙ ለሌሎቹ ነበር። «‹ገብታ ነው ወይስ ገፍተሃት ነው? አንዷን ቃል ብቻ።›»

ባይሳ በእሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ መስኮቱን አየ።

«አቶ ባይሳ» አለ ጉሉማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለነመራ ነፍስ የሚጠየቁት አይቀርም። ያኛው አይጨምርብዎትም፣ አይቀንስልዎትም። ይንገሯቸው።»

«ድርሰት ነው» አለ ባይሳ። «ድርሰት ደግሞ የፈለገውን ይላል።»

ይዘውት ወጡ። ሻለቃው ተከትሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለጉሉማ፣ «ለቢላው ነገር ምስክር የለህም፤ ጽሑፉም የለም። የነመራን ብቻ ጻፍ» አለው። ጉሉማ ሊከራከረው አፉን ከፍቶ ተወው። ሻለቃው ያለው ልክ ነበር።

ረዲ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። የሺአረግ አሮጊቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ወልደዮሐንስ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«‹ጻፍ› ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለድርሰቱ ብዬ። መጨረሻ እንዲኖረው።»

ድርቤ የጉሉማን ትርጉም ሰሙ። ከዚያ የወልደዮሐንስን የደረት ኪስ፣ እርሳሱን፣ በጣታቸው ነካ አድርገው ተናገሩ።

«‹አስተማሪው አንተ ነህ አሉኝ፤ እንግዲያው አንተ ጨርሰውና ስጠኝ፤ ለቄሱ ልውሰደው› ይላሉ።»

«አልችልም» አለ ወልደዮሐንስ። «ብጽፈው የፈጠራ ነው የሚሆነው። እሱ ነበር ያየው። እኔ አላየሁም። ለቄሱ የፈጠራ ወረቀት ብሰጥዎ... አይሆንም፣ እናቴ።»

ጉሉማ ተረጎመ። ድርቤ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ እንደገባው ሰው። ወደ መኪና ተራው መሄድ ነበረባቸው፤ የቢላው ጭነት መኪና ከአራት ሰዓት በኋላ አይቆይም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲያው ለማወቅ፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ታዲያ ይሄ ሰው ልጆቹን የሚያስተምራቸው ምንድን ነው?»

ወልደዮሐንስ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ ጉሉማን አየው።

«ምን አሉ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ልሂድ አሉ» አለ ጉሉማ።